መሪጌታ አስማማው የሣሏት ልጅ

የመሪጌታ አስማማውን መሞት የሰማሁት ጎንደር መናኸሪያ፣ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ዳባት በአንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን ሴት ከኋላዬ ኖራ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ "ያ ቁጡ ሠዓሊ ሞተልሽ" አለችኝ። ያዘነች አትመስልም። "ቀባሪው ቄሶቹና ዕድርተኛው ብቻ ነበር። ማን ያልቅስለት? ማንን ደስ አሰኝቶ ያውቃል?"

ተራዬን ለቅቄ ወጣሁና ግንቡ ጥግ ተቀመጥሁ። እውነቷን ነው፤ መሪጌታ ሰው ደስ አሰኝተው አያውቁም። እኔንም ያወቁኝ ሲሰድቡኝ ነው። ግን በዕድሜዬ እንደሳቸው የፈራሁት ሰው የለም፤ እንደሳቸው የበደልሁትም የለም።

የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ ውስጥ ነው። እኔ ታይፕ ተምሬ አውራጃው ጽሕፈት ቤት የተቀጠርሁ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እሳቸው ስድሳን ተሻግረዋል። ትውልዳቸው ደረስጌ ነው፤ አያታቸውም አባታቸውም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ነበሩ። ዘመኑ ሲለወጥ ግን ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ተነጠቀች፣ የሚያሥል ጠፋ። ስለዚህ መሪጌታ እኛ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው መፈክር መጻፍና ሥዕል መሣል ያዙ። ለአብዮት በዓል ሦስቱን ጢማም ፈረንጆች በትልቅ አቡጀዲ ላይ ሲሥሏቸው፣ የዋልድባ መነኮሳት መስለው ወጡ። አንዲት ባልቴት በአደባባዩ ስታልፍ ቆም ብላ አማተበች፣ እጅም ነሳች። አለቃችን ጓድ ፈቃዱ ሊፈነዳ ደረሰ። መሪጌታ ግን፣ "እኔ የማውቀው ጢም ይኸው ነው፤ ሌላ ጢም ካለህ አምጣልኝ" አሉት።

ጓድ ፈቃዱ ከጎንደር የተላከ ካድሬ ነበር። ዕድሜው ከመሪጌታ የመጨረሻ ልጅ አይበልጥም። "ጓድ አስማማው" ሲላቸው፣ "ጓድህ አይደለሁም፣ ተቀጣሪህ ነኝ" ይሉታል። ጥምጣማቸውን በስብሰባ ላይ እንኳ አያወልቁም። ሌላ ሰው ቢሆን ለዚህ ብቻ ይታሰር ነበር፤ ግን በአውራጃው ውስጥ ብሩሽ የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ይችሏቸዋል።

እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "አንቺ ታይፕ" ነበር የሚሉኝ። ጠዋት ስገባ "እንደምን አደሩ መሪጌታ?" ብላቸው፣ ብሩሽ በእጃቸው ካለ አይመልሱም። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይለካሉ እንጂ ሰው መኖሩንም አያዩ። ቶሎ ይጨርሱ ሲባሉ፣ "ተቸኩሎ የተሣለ መልአክ ክንፉ አያነሣውም" ይሉ ነበር። ሰውን የሚሰድቡት በቀስታ ነው፤ ቃላቸውን እንደ ምላጭ ስለው።

የረኃቡ ዓመት መጣ። ከጠለምት ቆላ፣ ከጃናሞራ፣ ከበለሳም ሰው እየወጣ ደባርቅ ዳር ባለው የድንኳን መጠለያ ፈሰሰ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቃሬዛ የማላይበት ቀን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ነው ጓድ ፈቃዱ ሁለታችንን ጠርቶ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የልጆች መጽሐፍ እንደሚታተም የነገረን። ስለ መኸር የሚያወራ፣ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉን እኔ እተይባለሁ፤ ሽፋኑን መሪጌታ ይሥላሉ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ይላካል።

"ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ የገብስ ነዶ ተሸክማ ትስቃለች" አለ ጓድ ፈቃዱ። "ጉንጯ ሞላ ያለ ይሁን። ጤናማ ትሁን።"

"የማንን ጉንጭ ልሣል?" አሉ መሪጌታ።

"ከጭንቅላትህ አውጣ።"

"ከጭንቅላቴ የሚወጣ ቅማል ብቻ ነው። ቁጭ የምትልልኝ ልጅ ስጠኝ። በባዶ ሆዷ ደግሞ ቁጭ አትልም።"

ጓድ ፈቃዱ ሳቅ አለ። "ይሁን። ሥዕሉ እስኪያልቅ ከክበባችን ምሳ ትብላ፤ ጉንጯም ይሙላላችሁ። ሲያልቅ ወደ መጠለያዋ ትመለሳለች።"

መጠለያው አብረን ሄድን። መሪጌታ በልጆቹ መካከል እየተዘዋወሩ አገጫቸውን በአንድ ጣት ቀና እያደረጉ፣ ወደ ብርሃን እያዞሩ አዩአቸው። ገበያ ላይ በግ እንደሚመርጥ ሰው ነበሩ። አፈርሁባቸው። በመጨረሻ ከሁሉ የከሳችውን፣ ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ለዩ። ብርቅነሽ ትባላለች፤ ሴቶቹ ብርቄ ይሏታል። አባቷ ቀድሞ ሞቷል፤ እናቷን ከቀበሯት ገና ሳምንቷ ነው።

"ከዚህ ሁሉ እሷን ለምን?" አልኋቸው።

"አጥንቷ ይታያል። አጥንት የማያውቅ ሥጋ አይሥልም።"

ሥራው ተጀመረ። ሣንቃ ላይ አቡጀዲ ወጥረው ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ለጠፉት፤ ኖራ ቀቡት፤ ሲደርቅ በድንጋይ አለሰለሱት። ከላይ ለመጽሐፉ ርእስ የሚሆን ቦታ በክር ለክተው ተዉ። ከዚያ ልጅቷን መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ነዶውን ስትሸከመው አንገቷ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸው ገለባውን ግማሽ በግማሽ ቀነሱላትና "አሁን አትነቃነቂ" ብለው ጮኹባት። ከሰል አንሥተው መጀመሪያ ጭንቅላቷን፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ነዶውን አወጡ። በቀይ አፈር ፊቷን መሠረት አስያዙት፤ በላዩ ላይ ቀለሙን በቀጭኑ እየደራረቡ አመጡት። ቢጫውን በቀድሞ ዘመን ከአሥመራ ነጋዴ ከገዙት ዱቄት በእንቁላል አስኳል ያዋሕዱት ነበር። የገብሱን ዛላ አንድ በአንድ ነው የሣሉት። ዓይንን ግን በአባቶቻቸው ሥርዓት ለመጨረሻ ነው የሚያቆዩት። ዓይን ከገባ ሥዕል አለቀ ማለት ነው።

ሥራ ላይ ጨካኝ ነበሩ። ልጅቷ ስታንቀላፋ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ይመቱታል፤ ደንግጣ ትዘልላለች። አንድ ቀን "ሳቂ!" አሏት። እግሯን አየች። "ሳቂ እኮ ነው የምልሽ!" ልጅቷ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። መሪጌታ አዩአትና ፊታቸውን አዞሩ። "ተይው። ክደኚው ጥርስሽን።"

ከክበቡ ምሳ ስትበላ አጠገቧ አይቀመጡም። የራሳቸውን ምሳ ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ "ይኼን የውሻ ምግብ ከፊቴ አንሡልኝ" ይላሉ። እኔም ሳህኑን ወደ ልጅቷ እገፋዋለሁ። ንቀታቸው ያናድደኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላሰብሁም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የልጅቷ ጉንጭ እውነትም መሙላት ጀመረ። አንድ ማክሰኞ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ላመጣ ወደ ክፍላቸው ስገባ፣ ሥዕሉ ዓይኑ ገብቶለት አየሁት። ባለሁበት ቆምሁ። ብርቄ ነበረች፤ የጠገበች ብርቄ። ከሣንቃው ላይ ቀጥ ብላ ታየኝ ነበር። "አለቀ!" አልኋቸው። "ውጪ" አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ዓይኑ የለም። በምላጭ ፍቀውት፣ በፊቱ ላይ ሁለት ነጭ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ እንደገና በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው "አላማረኝም" አሉ። ሐሙስ ጉንጩን ፋቁት። ዓርብ ሠሩት። ሰኞ ደግሞ እንደገና ፋቁት። ጓድ ፈቃዱ ሲጠይቅ "ቀለሙ አልደረቀም" ይሉታል። ሽማግሌው ልጅቷን ማሠቃየት የጣማቸው መሰለኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ። መሪጌታ ጀርባቸውን ሰጥተው ብሩሽ ያጥባሉ። ብርቄ ከበርጩማዋ ወርዳ ቢጫው ያለበት ሳህን ውስጥ ጣቷን ነከረችና ወደ አፏ ወሰደችው። አስኳሉ አስጎምጅቷታል። መሪጌታ ዞር ሲሉ አዩአት። ሦስቱን እርምጃ እንዴት እንዳለፉት አላውቅም፤ በጥፊ አጮሏት። ልጅቷ ወደቀች። አንሥተው አፏን በጣታቸው ፈልቅቀው፣ በጨርቅ እየጠረጉ "ትፊ! ትፊ!" ይሏታል። ከንፈሯ ደምቷል። ቢጫና ቀይ ምራቅ ወለሉ ላይ ተፋች።

ከዚያ በላይ ማየት አልቻልሁም። በቀጥታ ወደ ጓድ ፈቃዱ ሄድሁ። "ሥዕሉ አልቋል" አልሁት። "የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ አልቆ ነበር። ዓይኑ ገብቶ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሆነ ብለው ነው የሚፍቁት።"

ጓድ ፈቃዱ ወዲያው ከእኔ ጋር መጣ። ሽጉጡን አላወጣም፤ ቀበቶው ላይ እጁን ብቻ አሳረፈ። "ጓድ አስማማው፣ ዓይኑን አሁን ታስገባለህ። እዚሁ፣ እያየሁህ።"

መሪጌታ እኔን አዩኝ። ከዚያ ብሩሹን አነሡ። በከንፈራቸው ጫፉን አሾሉት። ቅንድቧን ጣት በማትሞላ አንዲት መስመር ጣሉ፤ ነጩን ሞሉ፤ ጥቁሩን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት። የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ዕድሜ አልፈጀም። ጓድ ፈቃዱ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ብርቄ ያበጠ ከንፈሯን ይዛ ወደ ሣንቃው ተጠጋች።

"ይቺ ማናት?" አለች።

"ዝም በይ" አሏት መሪጌታ።

ጓድ ፈቃዱ ሥዕሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደው። ልጅቷንም ዘበኛው እጇን ይዞ ወደ መጠለያው መለሳት። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

"አንቺ ታይፕ፣ የነገርሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ሲመቷት አይቼ ነው። ከእርስዎ እንድትገላገል ብዬ ነው።"

"ያ ቢጫ መርዝ ነው። ፍየል ይገድላል። ብትውጠው ኖሮ አሁን የምንከፍናት ነበርን።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺ ማን ነሽና?" አሉ። ብሩሾቻቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ሳያዩኝ፣ "ነገ ምሳዋን ከየት ታመጪላታለሽ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኑን ለምን እንደፋቁት፣ ሳህናቸውን ለምን እንደሚገፉት ገባኝ። ሥዕሉ ካላለቀ ልጅቷ ትበላለች። ለማንም ሊነግሩ አይችሉም ነበር፤ ለእኔማ ይልቁን።

በማግስቱ ዳቦ በነጠላዬ ደብቄ መጠለያው ሄድሁ። ጥበቃዎቹ መለሱኝ፤ "ለሰፈራ ምዝገባ ላይ ናቸው" አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ጓድ ፈቃዱ ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ነበርና ከታይፔ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ጥምጣማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። ራሳቸው ላይ ጥቂት ሽበት ብቻ ቀርቶ ኖሯል።

"ልጅቷን ስጠኝ" አሉት። "እኔ አሳድጋታለሁ። ደረስጌ ቤት አለኝ፣ ሚስትም አለችኝ።"

"ልጅ ለግለሰብ አናድልም፣ ጓድ አስማማው። መተከል አዲስ ሕይወት ይጠብቃታል። ለም መሬት፣ ትምህርት ቤት።"

"እባክህ።"

ከሳቸው አፍ ይህን ቃል የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ጓድ ፈቃዱ ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ። ቆይተው ቆይተው ወጡ።

የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር በታይፕ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ሲሰጠኝ በሦስተኛው ገጽ ላይ የብርቅነሽን ስም አገኘሁት። እጄ ቆመ። ያን አንድ መስመር ብዘልለው ማን ያውቅ ነበር? ምናልባት ማንም። ጓድ ፈቃዱ ግን በሩ ላይ ቆሞ "አላለቀም እንዴ?" አለኝ። ጻፍሁት።

ካሚዮኖቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ገበያው ሜዳ ላይ ቆመው ሰው ይጫናል። ሽማግሌ ከልጁ፣ ሚስት ከባሏ እየተለዩ ይጮኻሉ፤ ወታደሮች እየገፉ ያሳፍሯቸዋል። እኔ ዝርዝሩን ይዤ ከጓድ ፈቃዱ ጎን ቆሜያለሁ፤ ስም የማነበው እኔ ነኝ። ብርቄ ከአንዲት የማላውቃት ሴት ቀሚስ ጋር ተጣብቃ ወደ ካሚዮኑ ስትደርስ፣ መሪጌታ ሰዉን እየገፉ መጡ።

"ልጄ ናት!" አሉ። "በስሕተት ነው የተጻፈችው። የእኔ ልጅ ናት!"

የሚያስጭነው የወታደር አዛዥ ቸኩሏል። ብርቄን ትከሻዋን ይዞ ወደሳቸው አዞራት። "አንቺ፣ ይኼ አባትሽ ነው?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከንፈሯ ላይ ቁስሉ ገና አልሻረም። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ሲመጣባት ስታይ ራሷን በክንዷ ሸሸገችና ወደ ሴቲቱ ቀሚስ ገባች።

"አይደለም" አለች። "የሚመታኝ ሰውዬ ነው።"

አንዳንድ ወታደሮች ሳቁ። አዛዡ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነሽ። ታውቂዋለሽ? አባቷ ነው?"

መሪጌታ አዩኝ። ጓድ ፈቃዱም አየኝ። አንድ "አዎ" ነበር የሚያስፈልገው።

"የእኛ ሠዓሊ ናቸው" አልሁ።

ልጅቷን ከሥር አንሥተው ጫኗት። መሪጌታ የካሚዮኑን የኋላ ብረት ይዘው አልለቅ አሉ፤ ሁለት ወታደሮች ጣታቸውን በሰደፍ እየመቱ አስለቀቋቸው። መኪናው በዳባት መንገድ ወረደ። እሳቸውን ሰፈራውን አደናቅፈዋል ብለው እዚያው አሰሯቸው።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው እስር ቤት ሳሉ ነው። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ልጅቷ ራሷ ናት። መምህራን እንደነገሩኝ፣ ተማሪዎቹ ገጹን ከመግለጣቸው በፊት የሽፋኗን ልጅ ጉንጭ በጣታቸው ይነካሉ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጓድ ፈቃዱ ስም አለ፤ የእኔም "በታይፕ የጻፈች" ተብሎ አለ። የሠዓሊው ስም የለም።

መሪጌታ ሲፈቱ ፊተኛው ጥርሳቸው ጎድሎ፣ ቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቱ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ወደ ደረስጌ አልተመለሱም። ዳባት አንድ ክፍል ተከራይተው የሱቅ ማስታወቂያ ይሠሩ ጀመር። ለፀጉር አስተካካይ መቀስና ማበጠሪያ፣ ለሥጋ ቤት በሬ ይሥላሉ። የሰው ፊት አይሥሉም። ሰውም "ጠማማው ሠዓሊ" ይላቸው ነበር፤ ልጆች በሩቁ ይሸሿቸዋል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው እኔም ወደ ዳባት ተዛወርሁ። ብዙ ጊዜ በራፋቸው ላይ አልፌያለሁ። አንድ ቀን ቆርጬ አንኳኳሁ። ከፍተው አዩኝ፤ ወዲያው አወቁኝ።

"አንቺ ታይፕ።"

"መሪጌታ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አልኋቸው። ከዓመት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"እኔን ምን በደልሽኝ? እኔን አላስጫንሽኝም። እሷን ጠይቂያት።"

"የት አገኛታለሁ?"

"መተከል ሂጂ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።"

ያን ሁሉ አገር፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ እጃቸው። "አገኟት?"

"አንደኛውን ጊዜ 'በወባ ሞታለች' አሉኝ። መቃብሯን አሳዩኝ ብል የሚያውቀው ጠፋ። ሁለተኛውን ጊዜ በሰፈራው ቢሮ ሌላ ሰው ነበር የተቀመጠው፤ 'እንዲህ የምትባል ልጅ ከመጀመሪያውም አልመጣችም' አለኝ።" በሩን ሊዘጉት ያዙና ቆም አሉ። "አንቺ ደግሞ ሄደሽ ሦስተኛውን ስሚ።"

"እሺ" አልኋቸው።

አልሄድሁም።